እማማ «አስተናግር» ያሉት አበባ

ጓደኛዬ የግቢዋን አጥር ስታስተካክል ክንድ የምታክል እንጨት ቆርጣ ሰጠችኝ። «ውሃ ውስጥ ክተቺው፣ ይበቅላል» አለችኝ። ስሙን አታውቀውም። ረጅም ነጭ አበባው እንደ ደወል ተንጠልጥሎ እንደሚያምር ብቻ ነገረችኝ።

እውነትም በሦስት ሳምንት ሥር ሰደደ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር መሬት አወረድኩት። ከዚያ ወዲያ ሥራው መርዘም ብቻ ሆነ። ቁመቴን ሲያልፍ «በዛ» ብዬ ጫፉን ቀነጠስኩት። ሁለተኛው ክረምት መጣ፣ አሁንም ቅጠል ብቻ። ልነቅለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ጥፋቱ የራሴ ኖሯል። ይህ ተክል መጀመሪያ አንድ ወጥ ግንድ ሆኖ ያድግና ጫፉ ላይ ባላ ያወጣል። አበባ የሚይዘው ከባላው በላይ ነው። የተሰጠኝ እንጨት ከታች የተቆረጠ ስለነበር ባላ እስኪያወጣ መጠበቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ሊያወጣ ሲል ጫፉን እየቀነጠስኩ ወደኋላ መለስኩት። ከባላው በላይ የተቆረጠ እንጨት ቁመቱ አጭር ሆኖ ቶሎ ያብባል። ቅጠሉም ያስታውቃል። ከባላው በላይ የበቀለ ቅጠል ከአንገቱ ጋ ሲታይ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል አይደሉም፣ አንዱ ዝቅ ይላል።

መቀሴን ትቼ ፍግ ብቻ ስሰጠው ከረምኩ። ጥቅምት ላይ አበበ። እያንዳንዱ አበባ ከስንዝር በላይ ነው። ቀን ብዙም አይሸትም። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ግን ግቢው በመዓዛው ይሞላል፤ የሚጠራው የሌሊት የእሳት ራቶችን ነውና።

በዚሁ ሰሞን ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ አሻግረው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አስተናግር ነው። ሰው ያሳብዳል!»

«ኧረ እማማ፣ አስተናግር አይደለም። ይሄ የውጭ አበባ ነው።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። እኔ ደግሞ ልረታቸው ማንበብ ጀመርኩ። ተክሉ ብሩግማንሲያ ይባላል፣ ምንጩ ደቡብ አሜሪካ ነው። አስተናግር በየቆሻሻው ቦታ የሚበቅል አረም ነው። አበባው ወደ ላይ ያያል፣ ፍሬው እሾሃም ነው። የኔው እንጨታም ነው፣ አበባው ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ፍሬ ቢይዝም እሾህ የለውም። ዝርያውን ለመለየት አንድ አበባ ተርትሬ አየሁ። ከላይ ያቀፈው አረንጓዴ ከረጢት ጫፉ ብዙ ጥርስ አለው፤ ውስጥ ያሉት አምስት ወንዴ ዘንጎችም ጫፋቸው ተጣብቋል። ይህ ሱአቬኦለንስ የሚባለው የብራዚሉ ነው። ከረጢቱ ባንድ ጎን ብቻ የተሰነጠቀና ዘንጎቹ የተለያዩ ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ዓይነት ይሆን ነበር።

ያልጠበቅኩት ነገር ግን አገኘሁ። ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም የማውጣቱን ሥርዓት የዘረጋው ሊኒየስ ራሱ በ1753 ብሩግማንሲያን ከአስተናግር ወገን ነበር የመደበው። የተለየ ስም ያወጣለት ፐርሱን የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ነው፣ በ1805፣ ብሩግማንስ በሚባል ሆላንዳዊ ስም። እማማ ቢሳሳቱም ከሊኒየስ ጋር ነው የተሳሳቱት።

ስለ መርዙማ ጭራሽ አልተሳሳቱም። አንድ ቅዳሜ ያለ ጓንት ቅርንጫፍ ስቆርጥ ላብ ዓይኔ ገባ፣ በእጄ ጠረግኩት። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ ያለው ጽሑፍ ደበዘዘብኝ። መስታወት ሳይ የግራ ዓይኔ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ሆኗል፣ ቀኙ እንደወትሮው ነው። ደም ሥሬ ተበጠሰ ብዬ ደነገጥኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ነክተሻል?» ብሎ ነው። ተክሉ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉት። አትሮፒን ሐኪሞችም ብሌን ለማስፋት የሚጠቀሙበት ነው። ከሁለት ቀን በላይ ብርሃን እየወጋኝ ቆይቶ ለቀቀኝ። ዓይን ላይ ይህን ያደረገ፣ ቢበላማ ይገድላል።

አሁን ያለ ጓንት አልነካውም፣ መቀሱንም አጥባለሁ። ሕፃን ወይም ከብት ያለበት ቤት ቢቀር ይሻላል። በበጋ ውሃ ይወዳል፤ ቀትር ላይ ጠውልጎ ስታዩት አትደንግጡ፣ ማታ ይነሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ውርጩ ጫፉን ያቃጥለዋል፣ ግድግዳ ጥግ ቢተከል ይሻለዋል።

እማማ ዛሬም «አስተናግሩ አበበ?» እያሉ ይጠይቁኛል። «አበበ፣ እማማ» እላቸዋለሁ።