መይሳው ምርኩዝ ይዞ ሲመጣ

በ18 ዓመቴ፣ በደርግ ዘመን በየቀበሌው ከተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ወደ አንዱ ስገባ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትልቅ ሚና የዐፄ ቴዎድሮስ ነበር። ጎንደር ላይ ይህን ሚና መሸከም ከባድ ነው፤ ተመልካቹ ንጉሡን የሚያውቃቸው ከመጽሐፍ አንብቦ ሳይሆን ከአያቱ ሰምቶ ስለሆነ፣ ከሽለላው አንድ ቃል ቢጎድል ከአዳራሹ መጨረሻ ሆኖ የሚያርም ሽማግሌ አይጠፋም። ሚናውም ከመድረክ ወርዶ አብሮኝ መኖር ጀመረ። ፒያሳ፣ ሐውልታቸው በቆመበት አደባባይ ሳልፍ ልጆች «መይሳው!» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ስም ቀና ብዬ ሄድሁ።

58 ዓመት ሲሞላኝ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር፣ «ጋሼ» ይሉኝ የነበሩ ወጣቶች «አባባ» ማለት ጀመሩ፣ የምሠራበት ቡድንም ለንጉሡ ሚና ወጣት መርጦ ለእኔ አንድ ገጽ የማይሞላ የሽማግሌ ንግግር ሰጠኝ። አልቀበልም ብዬ ሁለት ዓመት ያህል ቤቴ ተቀመጥሁ። በዚያ ጊዜ ከሁሉ በላይ የጎዳኝ በአንድ ሠርግ ላይ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ጎልማሳ አረማመዴን እያስመሰለ ድንኳኑን ሲያስቅ ደረስሁ፤ እኔን ሲያዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ሳቁን እችለው ነበር፤ ዝምታው ግን ሰው በሌለሁበት ምን እንደሚለኝ ነገረኝ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከቴአትር ሰው ሳይሆን ከአዝማሪ ነው። አንድ ምሽት አዝማሪ ቤት ተቀምጬ መሲንቆ የያዘውን ሰው አስተዋልሁት። ሥራውን የጀመረው በራሱ ነበር፤ የወለቀ ጥርሱንና የላላ ጅማቱን በግጥም ካነሣ በኋላ ነው ወደ እንግዶቹ የዞረው። አንድ የሞቀው እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስለ አዝማሪው ጥርስ ስንኝ ሊሰጥ ቢሞክር ቤቱ አልሣቀለትም፤ ነገሩን ባለቤቱ አስቀድሞ ብሎት ነበርና። ሌላው ሊናገረው ያሰበውን ነገር ቀድሞ የወሰደ ሰው ነገሩን እንደ ፈለገ ያዞረዋል ማለት ነው። ይህን ጥበብ ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁት ለራሴ እንደሚሆን አለማሰቤ ዛሬም ያስገርመኛል።

ከአንድ ወጣት መሲንቆ ተጫዋች ጋር የሃያ ደቂቃ ሥራ አዘጋጀን። ልጁ ብቻውን መድረክ ላይ ሆኖ እንዲህ እያለ ይጀምራል፦

መቅደላን ያህል አምባ በፈረስ የወጣ፣
ይኸው ለደረጃ ምርኩዝ ይዞ መጣ።

እኔ ምርኩዜን ተደግፌ፣ የመድረኩን ደረጃ አንድ በአንድ እየቆጠርሁ እወጣለሁ። ከዚያ ተመልካቹ «ተቀበል!» እያለ ስለ ሽበቴም ስለ ጉልበቴም የፈለገውን ስንኝ ይሰጣል፤ እኔም እቀበላለሁ፣ ጨምሬም እመልሳለሁ። ሳቁ በተሟሟቀበት ሰዓት ምርኩዙን ለልጁ አቀብዬ፣ ልብስ ሳልቀይር፣ መብራቱም ሳይለወጥ፣ የሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የመቅደላን የመጨረሻ ሰዓት እናገራለሁ። ይህ ክፍል ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ለዚህ ስድስት ደቂቃ ነው ስምንት ወር የተለማመድሁት፤ ንግግሩን በስልኬ ቀድቼ በጆሮዬ እየሰማሁ በየጧቱ ከቀሃ እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት እወጣ ነበር፤ ትንፋሼ ዳገቱ ላይ ካልተቆረጠ መድረክ ላይ እንደማይቆረጥ ስለማውቅ ነው። ተመልካቹ በእርጅናዬ ስቆ ሲያበቃ ያው ሽማግሌ አዳራሹን ጸጥ ሲያሰኘው ካላየ፣ ሳቁ ሳቅ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ በማግስቱም ማንም አይጠራኝም።

በውጭ ያሉ ተዋንያንም በዚህ መንገድ እንደሄዱ የተረዳሁት በኋላ ነው። ዊልያም ሻትነር የጠፈር መርከብ አዛዥ ሆኖ የታወቀበት ተከታታይ ድራማ የቆየው እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሥራ ተቸግሯል። በ1986 በአንድ የቀልድ ፕሮግራም ላይ በዚያው ሚናው ቀለደ፤ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላም የራሱን ስም ደጋግሞ የሚጠራ፣ ትምክህተኛና የሚዘነጋ ሽማግሌ ጠበቃ ሆኖ ተጫውቶ በ2004 እና በ2005 ለዚያ ገጸ ባሕርይ የኤሚ ሽልማት አገኘ። ከእርሱ ይልቅ ያስተማረኝ ግን ሌስሊ ኒልሰን ነው። እስከ 54 ዓመቱ ድረስ ቁም ነገረኛ ሚናዎችን ሲጫወት የኖረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣ የቀልድ ፊልም ላይ ሐኪም ሆነ፤ የሚያስቀውን ነገር ሁሉ የተናገረው ግን በሽተኛ ፊት እንደ ቆመ እውነተኛ ሐኪም ፊቱን ሳያላላ ነው። ከዚያ ወዲህ በራሴ ስንኝ መድረክ ላይ ፈገግ ማለት አቆምሁ፤ ሳቁም ጨመረ።

ስሕተትም ሠርቻለሁ። በአንድ ዝግጅት ላይ ንግግሬ እውነት ጠፋብኝና «ሽማግሌ ምን ያስታውሳል» ብዬ አለፍሁት። ሰው ሣቀ፤ ሳቁ ግን የአዘኔታ ነበር፣ ጆሮዬም ለየው። በሚቀጥለው ወር ሊጋብዘኝ ያሰበ አዘጋጅ «አባባ አሁንም በቃል መያዝ ይችላሉ?» ብሎ የጠየቀው እኔን ሳይሆን መሲንቆ ተጫዋቹን ነው። ጉልበቴ የንጉሡ ፈረስ ነው፣ ቢያነክስም ይሣቅበት፤ ቃል የምይዝበት ጭንቅላቴ ግን እንጀራዬ ስለሆነ ከዚያ በኋላ በእርሱ ቀልጄ አላውቅም። ልብሰ መንግሥት ለብሼ ደረጃ ላይ ስወድቅ የሚያሳይ ማስታወቂያ እንድሠራ በጥሩ ክፍያ ስጠየቅም እምቢ ብያለሁ፤ የሚወድቀው እኔ ሳልሆን እርሳቸው ይሆኑ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ሌላው ጥፋት ነው። ንጉሡን በምጫወትበት ዘመን ባለቤታቸውን እቴጌ ተዋበችን ሆና ከእኔ ጋር ትጫወት የነበረች የሥራ ጓደኛ አለችኝ። አንድ ምሽት በራሴ ላይ የተሰጠኝን ስንኝ ስመልስ «እኛ የኪነት ልጆች» ብዬ እርሷንም ጨምሬ ስለ እርጅናችን ተናገርሁ፤ አዳራሹ ውስጥ መኖሯን አላወቅሁም ነበር። በማግስቱ ቤቷ ሄድሁ። ቡናውን ቀድታ ሰጠችኝና «በራስህ ቀልድ፤ እኔን ማን ፈቀደልህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሷ ከመድረክ የወረደችው እንደ እኔ አኩርፋ ሳይሆን ልጆች ለማሳደግ ነበር፤ ለሴት ተዋናይት እርጅናዋን በአደባባይ መስማት ከእኔ ጉልበት ጋር የሚተካከል አይደለም፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ያንንም ስንኝ ዳግም አልተናገርሁትም።

አሁን 66 ዓመቴ ነው። ያ አልቀበልም ያልሁት የአንድ ገጽ የሽማግሌ ንግግር ዛሬ የእኔ ነው፤ ንጉሡን የሚጫወተው ወጣትም ሽለላውን ከእኔ ጋር ያጠናል። ልጆች አሁንም «መይሳው!» ይሉኛል፤ አንዳንዶቹ «ምርኩዙስ?» ብለው ይጨምራሉ፣ እኔም ቆሜ እመልስላቸዋለሁ። የድሮ ጓደኛዬ ለሚቀጥለው ዝግጅት አብራኝ ልትወጣ ፈቅዳለች። ስለ ራሷ የሚባለውን ስንኝ ራሷ ጽፋ ጨርሳለች፤ እስከ መድረኩ ቀን ድረስ ግን አላሳይህም ብላኛለች።