ከ52 እስከ 38 ሴንቲሜትር፦ ከሆስፒታል መልስ መነሳትን የተማርኩበት ማስታወሻ

83 ቀን ተኝቼ ነው የወጣሁት። የግራ ጭኔ አጥንት ተሰብሮ ብረት ገባበት። ቁስሉ አመረቀዘና እንደገና ተከፈተ። አንድ ወር የተባለው ሦስት ወር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ስወጣ ዎከር (በሁለት እጅ የሚያዝ ባለ አራት እግር መደገፊያ) ይዤ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ እመላለስበት ነበር። ነርሶቹም አንድ ክፍል አብረውኝ የተኙትም «ጎበዝ» ሲሉኝ ስለሰነበቱ፣ ቤት ስገባ የሚያቅተኝ ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ያቃተኝ መራመድ አልነበረም። መነሳት ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ከረጅም አልጋ በኋላ ቤት ለገባችሁና ሊገባ የተቃረበ ሰው ላላችሁ ነው። ሐኪም አይደለሁም። እኔ እግሬ ላይ ሙሉ ክብደት እንድጥል ተፈቅዶልኛል። እናንተ ይህን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ከታች ካለው አንዱንም አትሞክሩ።

የመጀመሪያው ቀን

እንደ ድሮዬ ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ። ደስ ሲል! ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽንቴ መጣ። ዎከሩን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት። እሱ ወደኔ መጣ እንጂ እኔ ወደሱ አልሄድኩም። ደግሜ ሳብኩ፤ ሁለት እግሩ ከመሬት ተነሳ። በመጨረሻ እናቴና ወንድሜ ግራና ቀኝ ብብቴ ሥር ገብተው አቆሙኝ። ሽንት ቤት በሰዓቱ ደርሻለሁ አልደረስኩም የሚለውን እንለፈው።

ለካስ የሆስፒታሉ አልጋ ሲያታልለኝ ነው የከረመው። ቁልፍ ተጭኜ ከፍ አደርገዋለሁ፣ እግሬ ወለል ሲነካ ግማሽ ቆሜያለሁ ማለት ነው። ሶፋ ቁልፍ የለውም።

ማታ ወንድሜ ሜትር አውጥቶ ቤቱን ለካው። አልጋዬ 50 ሴንቲሜትር፣ የምግብ ጠረጴዛው ወንበር 44፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ 40፣ ሶፋው 38። መቀመጫ ዝቅ ባለ ቁጥር ጭን የሚሸከመው ይብሳል። የእኔ ጭን ደግሞ ቀልጦ አልቋል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በቀን 1 በመቶ ገደማ የጡንቻ ጉልበት ሊያጣ ይችላል። ቶሎ ከሚከሱት አንዱ ከጉልበት በላይ፣ ከፊት ለፊት ያለው የጭን ጡንቻ ነው። ከወንበር የሚያነሳን ደግሞ እሱው።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ትምህርት ጠበቀኝ። ከእንቅልፌ ነቅቼ ቀጥ ብዬ ስቆም ዓይኔ ጭልም አለ። አልጋው ከኋላዬ ባይኖር ወለሉ ላይ ነበርኩ። ብዙ ጊዜ የተኛ ሰው ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ግፊቱ ድንገት ይቀንሳል። ከቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የደም ግፊቱ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቁርጭምጭሚቴን ወደ ላይ ወደ ታች አደርጋለሁ። ከዚያ ነው የምቆመው። ሽንት ቢያጣድፈኝም።

አንደኛ ሳምንት

ፊዚዮቴራፒስቷ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ) «እስቲ አነሳስህን አሳየኝ» አለችኝ። አሳየኋት።

«ይሄ መነሳት አይደለም፣ መጎተት ነው» አለችና አስቆመችኝ። ማለቴ፣ አስቀመጠችኝ።

ያስተማረችኝን በደንብ ልጻፈው። የማስታወሻው ፍሬ ነገር ይሄ ነውና። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ መንፏቀቅ። ቀጥሎ እግርን ወደ ኋላ ሰብሰብ ማድረግ፣ ተረከዝ ከጉልበት ትንሽ ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። እጅ የሚያርፈው የወንበሩ የክንድ መደገፊያ ላይ ነው፣ ዎከሩ ላይ አይደለም። ዎከሩ ከቆምን በኋላ የምንይዘው ነገር ነው። ከዚያ ከወገብ ማጎንበስ፤ አፍንጫ የእግር ጣቶችን እስኪያልፍ።

የሚያስፈራው ይህቺ ጋ ነው። በግንባሬ የምደፋ መሰለኝ። እኔ ሳደርግ የከረምኩት ተቃራኒውን ነበር። ወድቄ እንዳልሰበር ወደ ኋላ ለጠጥ እልና፣ ክብደቴ ሁሉ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እጄ ብቻ እንዲያነሳኝ እታገላለሁ። «አፍንጫህን ስጠኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። መቀመጫዬ ራሱ ብድግ አለ። በእውነት ማን እንዳነሳው አላወቅኩም።

መቀመጡም ሥራ አለው። ወንበሩ የእግሬን ኋላ እስኪነካ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ መደገፊያውን በእጄ እፈልጋለሁ፣ ያኔ እያጎነበስኩ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። ዘፍ ማለት ቀረ። ያ ቀስ ብሎ መውረድ ራሱ ጭን የሚያጠነክር ስፖርት ነው፤ በነጻ የሚገኘውን ለምን አባክነዋለሁ?

እቅድ አወጣን። 44ቱ ወንበር ላይ ሁለት ጠንካራ ስፖንጅ ተደረበ፤ 52 ሆነ። ወንበሩ እንዳይሸሽ ከግድግዳ ጋር ተጠጋ። አምስት ጊዜ መነሳት፣ በቀን ሦስት ዙር። ሲቀለኝ አንዱን ስፖንጅ ማውጣት። መጨረሻ ሶፋው።

መለኪያም ሰጠችኝ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ይቻላል የሚል ፈተና አለ። ወንበሩ 43 ሴንቲሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ የእኛ 44 ስለሆነ በዚያው ሄድን። እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ ነው። በእጅ ከተረዱ ውጤቱ ዜሮ ነው። አንድም ይሁን አሥር ጊዜ ተነሱ፣ ዜሮ። ለአምስት ሳምንት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ስላናደደኝ አጠገቡ የራሴን ሌላ ዓምድ ከፈትኩ፦ «በእጅ፣ ከ52»። እዚያ የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት 4 ነው። ሰው የሚያጽናናውን ቁጥር ራሱ መፍጠር ይችላል።

ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። እንቁላሉ ስንት ሳምንት እንደፈጀበት ግን የነገረኝ የለም።

ሁለተኛ ሳምንት

ትልቁ ፈተና እናቴ ሆነች። ገና እጄን መደገፊያው ላይ ሳሳርፍ «ተቀመጥ ልጄ፣ ምን ልስጥህ?» ትላለች። ውሃ፣ ስልክ፣ መድኃኒት፣ መነጽር፣ ሁሉም እግሬ ሥር ይመጣል። አንድ ቀን ቆጠርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ አሥራ አንድ ጊዜ ልነሳ ስል አስቀምጣኛለች። ከሁለት ዙር የሚበልጥ ስፖርት በፍቅር ተወሰደብኝ።

ሳስረዳት አኮረፈች። «ሦስት ወር አልጋ ጠብቄ አሁን ደግሞ ውሃ አታቀብዪኝ ልባል?» አለች። እውነቷን ነው። ተደራደርን። የስልኬ ቻርጀር ሌላ ክፍል ይሁን። የጠዋቱን መድኃኒት ራሴ ሄጄ አነሳለሁ። ትኩስ ነገር ግን እሷ ታቀብለኛለች፤ በዎከር ሁለቱም እጅ ተይዟልና። ለቀሪው አንገቴ ላይ የምትንጠለጠል ቦርሳ ሰፋችልኝ። ኮዳና ስልክ ትይዛለች። ከተገዛልኝ ዕቃ ሁሉ የጠቀመችኝ ይህቺ ያልተገዛች ቦርሳ ናት።

ሦስተኛ ሳምንት

ወደቅኩ። ሻወር ቤት ውስጥ፣ ከፕላስቲክ ወንበሩ ስነሳ የፎጣ መስቀያውን ጨብጬ። መስቀያው ከነብሎኑ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ፎጣ እንዲሸከም የተሠራ ነገር ሰው እንዲሸከም መጠበቄ የኔ ጥፋት ነው። ደግነቱ በደህናው ጎኔ ነው ያረፍኩት።

የወደቀ ሰው ወዲያው መነሳት የለበትም፤ መጀመሪያ ትንፋሽ ሰብስቦ የተሰበረ ወይም የሚያም ነገር አለ ወይ ብሎ መፈተሽ ነው። ደህና መሆኔን ሳረጋግጥ በጎኔ ተገለበጥኩ፣ በእጄና በጉልበቴ ሆንኩ፣ እየዳህኩ ወደ ጠንካራ ወንበር ሄድኩ። እጄን መቀመጫው ላይ አድርጌ ደህናውን እግሬን ከፊት አስቀደምኩና ገፋሁ። ይህን ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር አንድ ሳምንት ቀደም ብለን ምንጣፍ ላይ ተለማምደነው ነበር። ያኔ «ለምን መውደቅ ታስተምረኛለች?» ብዬ ተበሳጭቼባት ነበር። ይቅር ትበለኝ።

በማግስቱ ግድግዳው ውስጥ ጠልቆ የታሰረ የብረት መያዣ ሻወሩና ሽንት ቤቱ አጠገብ ገባ። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ የሚደረብ ከፍ ማድረጊያም ተጨመረ። ኮሪደሩ ላይ የነበረችው ትንሽ ምንጣፍ ተጠቅልላ ቁምሳጥን ገባች።

አምስተኛ ሳምንት

አንድ ስፖንጅ ወጣ። 48። ደስታዬ ልክ አጣና በአንድ ቀን 60 ጊዜ ተነሳሁ። ማታ ጉልበቴ አበጠ። ሁለት ቀን አረፍኩ፣ ጡንቻዬም ስሜቴም ተኮማተረ። ሕጉ ቀላል ነበር፦ የዛሬው ልምምድ ሕመም ነገ ጠዋትም ካለ፣ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። እግረ መንገዴን፣ ያበጠው ጉልበት ሳይሆን የአንድ እግር ባት ከሆነ፣ ካመመና ከሞቀ፣ ማረፍ ሳይሆን ያኔውኑ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ጭራሽ የሚጠበቅ ነገር የለም።

ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት

ስድስተኛው ላይ ሁለተኛው ስፖንጅ ወጣ፣ ባዶው 44 ላይ ተቀመጥኩ። በሳምንቱ መጨረሻ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ተነሳሁ። አንድ ጊዜ። ደብተሩ ላይ 1 ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ሰባተኛው 3፣ ስምንተኛውም 3። ከዎከር ወደ ከዘራ የተሸጋገርኩትም በስምንተኛው ነው። የተጎዳው ግራ እግሬ ስለሆነ ከዘራው በቀኝ እጅ ነው የሚያዘው። ግራ እጄ ይዞት እየሄደ ስንት ጊዜ እንደተቆጣሁት! ደረጃ ስወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ስወርድ የታመመው። ስለ ደረጃ ይህን ካወቃችሁ ሌላው ልምምድ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ሳምንት

ሶፋውን ስፈራው ነው የከረምኩት። ዝቅ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ይሰረጉዳል። 38 የተባለው ስቀመጥበት ወደ 34 ይጠጋል። ባለፈው ሳምንት በአንድ እጅ ተነሳሁበት። ማክሰኞ ማታ ጫፉ ድረስ ተንፏቀቅኩ፣ እግሬን ሰበሰብኩ፣ አፍንጫዬን ሰጠሁ። ጭኔ ተንቀጠቀጠ። መሀል ላይ ቆም አልኩ፣ ወደ ታችም ወደ ላይም የማልል ሆንኩ። ከዚያ ቆምኩ። ያለ እጅ።

የ30 ሰከንዱ ውጤት 9 ደርሷል። በኔ ዕድሜ ከሚጠበቀው ገና በታች ነው።

እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ስልክ እያወራች ነበር፤ ማንም አላየኝም። ቀና ብላ ቆሜ ስታየኝ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ «ከተነሳህ አይቀር ውሃ አምጣልኝ» አለች። በቀኝ ከዘራ፣ በግራ ብርጭቆ ይዤ መጣሁ። ግማሹ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። የቀረውን ጠጣችው።