የጃማይካን መዝገብና ጋዜጣ ከደብረ ብርሃን ሆኖ ማንበብ

በሰሜን ሸዋ ሐረጉን የሚቆጥር ሰው አባት ከአያት እያለ ሰባት ቤት ይደርሳል። ጃማይካዊ ግን የባርነት ዘመን ላይ ሲደርስ የአባት ስም ያጣል፤ መዝገቡ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው እናትን ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጣችሁ ስለ ጃማይካ የምታጠኑ ከዚህ ጀምሩ። (ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1817 ባለርስቶች በባርነት የያዟቸውን ሰዎች ሁሉ እንዲያስመዘግቡ ታዘዙ። እስከ 1832 ድረስ በየሦስት ዓመቱ ተደገመ። የሚሞላው ስም፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም፣ ዕድሜና የተወለዱበት ቦታ፣ አፍሪካ ወይስ ደሴቲቱ፣ ነው። ቅጂው ወደ ለንደን ስለተላከ ዛሬም በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሙሉው ዝርዝር የ1817ቱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ጭማሪና ጉድለት ነው፤ የተወለደ፣ የሞተ፣ የተገዛ፣ የተሸጠ። ስለዚህ በ1823 ስሙ ያልተገኘ ሰው ሞቷል ብላችሁ አትደምድሙ። በሕይወት እዚያው ርስት ላይ ስለነበረ ይሆናል ያልተጻፈው።

መዝገቡ የተደራጀው በባለርስቱ ስም ስለሆነ አስቀድሞ እሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ጋዜጣ ይረዳል። የደሴቲቱ የመጀመሪያ ጋዜጣ፣ ዊክሊ ጃማይካ ኩራንት፣ በ1718 ኪንግስተን ላይ ወጣ፤ እስካሁን ያለው ግሊነር ደግሞ በ1834 ተመሠረተ። በባርነት ዘመን ጋዜጦች ውስጥ የጠፋ ሰው ማስታወቂያን ፈልጉ። የጌታው ስም፣ የሸሸው ሰው ቁመት፣ ጠባሳና ቋንቋ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። ለማስያዝ የተጻፈው ቃል ዛሬ የዚያ ሰው መልክ የቀረበት ብቸኛ ምስክር መሆኑ ልብ ይሰብራል።

በኮምፒውተር ስትፈልጉ ግን ከ1800 አካባቢ በፊት የታተመው ረጅሙ «ኤስ» (ኤፍን የሚመስለው የድሮ ፊደል) «ኤፍ» ተብሎ ይነበባል፤ ስሙን በሁለቱም ሞክሩ። እኛም ዘንድ «ዓለሙ»ን በ«አ» ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ያጣል። የስም ጣጣውም አዲስ አይሆንባችሁም፦ በርስቱ የሚጠራበት ስም ሌላ፣ የተጠመቀበት ሌላ ነው፤ በአንኮበር የዓለም ስምና የክርስትና ስም እንደሚለያይ ማለት ነው። የመንግሥት የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1878 ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለው የአብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት መዝገብ ነው።

ቀን ስትለውጡም ተጠንቀቁ። በ19ኛው መቶ ዓመት እንቁጣጣሽ የሚውለው እንደዛሬው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 10 ነበር፤ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ 11 ይሆናል። በጃማይካ በባርነት የነበሩት ሙሉ ነፃነት ያገኙበት ቀን፣ ኦገስት 1 ቀን 1838፣ በዛሬው ሰንጠረዥ ሐምሌ 25 ይመጣል። ትክክለኛው ግን ሐምሌ 26 ቀን 1830 ዓ.ም. ነው፤ አንኮበር ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነገሡበት ዘመን። በማስታወሻችሁ ላይ በጋዜጣው የታተመውን ቀን እንዳለ ጻፉና ልወጣውን ከጎኑ አድርጉ፤ ገጽና ዓምዱንም አትርሱ።