አለሽ ወይ?

እሑድ ነው። ከተነሳሁ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምን ሆነሽ ብትሉኝ መልስ የለኝም። የጀርመኗ ኮሎኝ ሰማይ እንደለመደው ጨፍግጓል። ላቦራቶሪው ውስጥ ከፍሪጁ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ስለዚህ ስሜት ልጽፍ ነበር አመጣጤ። ግን ትሎቹ አሉ። ትል እሑድ አያውቅም።

ዛሬ 18ኛ ቀናቸው ነው። ሲ. ኤሌጋንስ የምትባለው የእኔ ትል አንድ ሚሊ ሜትር ብታህል ነው፤ እንደ ብርጭቆ ውስጧ ይታያል። የምትኖረው ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሆነ የእኔዎቹ አሮጊቶች ናቸው። ወጣት ሳሉ ምግባቸው በሆነው ባክቴሪያ ላይ እንደ እባብ ሲጥመለመሉ ነበር የሚውሉት። አሁን ከተኙበት አይነሱም። ስለዚህ በቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ጫፍ ነካ አደርጋቸዋለሁ። አፍንጫዋን ትንሽ ካነቃነቀች፣ አለች። ደጋግሜ ነክቻት ዝም ካለች መዝገቡ ላይ አንድ ጭረት። የእርጅና ምርምር የሚባለው ትልቅ ነገር ጓዳው ሲገባ ይኸው ነው፤ እየነካኩ አለሽ ወይ ማለት።

የእርጅና ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኬንየንና ባልደረቦቿ በ1993 እ.ኤ.አ. ዳፍ-2 የተባለ ጂን ሲዳከም ትሏ እጥፍ ዕድሜ እንደምትኖር ያሳዩትም እንዲህ ቆጥረው ነው። እኩዮቻቸው ተዘርረው ሳለ ጂናቸው የተዳከመው ገና ይንሸራሸሩ ነበር። ጂኑ ኋላ የእኛው የኢንሱሊን መቀበያ ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ለአያቴ በስልክ አስረዳሁ። ኢንሱሊኑ አልገረማትም። የገረማት ሌላ ነው። እናቲቱ እንቁላል በምትጥልባቸው ቀናት ከልጆቿ ጋር እንዳትምታታብኝ ወደ አዲስ ሳህን አዛውራታለሁ። ልጆቿ በሦስት ቀን እሷን ያክላሉና።

«ከልጆቿ ትለያታለሽ?»

«ቆጠራው እንዳይበላሽ ነው እማማ።»

«ምን አደረገችሽ!»

የራሷን ዕድሜ ስጠይቃት «ጣሊያን ሲገባ ዳዴ እል ነበር» ብላ ትዘጋዋለች። እኔ የእያንዳንዷን ትል ልደት ጽፌ ይዣለሁ። የአያቴን አላውቅም።

አንዳንዷ ትል ደግሞ ምግቧን ትታ የሳህኑን ግድግዳ ትወጣለች። እዚያው ደርቃ ትቀራለች። አሟሟቷን ስላላየን ሞተች ብለን አንጽፍም። «ጠፍታለች» እንልና ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቆጠራው ትወጣለች። ስንት ዓመት ስጽፈው ምንም ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ግን አንዷን ስመዘግብ እስክሪብቶዬ ቆመ። እዚያ አገር ቤት፣ በእነሱ መዝገብ፣ እኔ በየትኛው ረድፍ ነኝ?

ጓንቴን አውልቄ ደወልኩ።

«እማማ፣ አለሽ?»

«አለሁ! አንቺስ አለሽ ወይ?»

ሽቦውን የያዘችው የትኛችን እንደሆነች ጠፋኝ። አለሁ አልኩ። እንደ አሮጊቶቼ አፍንጫዬን ነቅነቅ አድርጌ።

ከዚያ ወደ ኩሽናው ሄጄ ሻይ አፈላሁ። ግሉኮስ የሚባለው ስኳር የትሎቹን ዕድሜ እንደሚያሳጥር ለጎብኚ ሁሉ የማብራራው እኔ ነኝ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩ። ቆይ፣ ስለምን ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት?