ነጻ የትምህርት ዕድል፦ የቤተሰብ ድርሻና የትምህርት ቤት ድርሻ

በአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራም ለሁለተኛ ዲግሪ ሙሉ ስኮላርሺፕ ካገኘሁ ወዲህ፣ የምዕራብ ጎጃም የገበሬ ልጅ እንዴት ለዚህ እንደበቃ ብዙዎች ይጠይቁኛል። እኔም በተራዬ የምጠይቀው፣ የተማሪን ውጤት የሚወስነው ቤተሰቡ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ የሚለውን ነው።

በአሜሪካ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ጄምስ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1966 የመሩት ጥናት ለቤተሰብ ሁኔታ ከፍተኛውን ክብደት ሰጥቷል፤ ሄይንማንና ሎክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1983 የበርካታ አገሮችን መረጃ አነጻጽረው፣ በድሃ አገሮች የትምህርት ቤቱና የመምህራኑ ጥራት ይበልጥ እንደሚወስን ደርሰውበታል። እኔ ያለፍኩበት መንገድ ለኋለኛው ይቀርባል። ወላጆቼ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሆኖም በአጨዳ ወቅት እንኳ ከትምህርት አላስቀሩኝም፣ ወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቼ ስማርም ስንቄን አላጓደሉብኝም። ጊዜውን የሰጡኝ እነርሱ ናቸው፤ ሂሳቡንና እንግሊዝኛውን ያስጨበጡኝ ግን ከክፍለ ጊዜያቸው ውጭ ጭምር ያስተማሩኝ መምህራን ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ ጎበዝ ልጅ እንኳ አልነበረም ብሎ ማመን ለእኔ የማይቻል ነው። በእርግጥ ጥሩ ውጤት የሚያስመዘግቡት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በፈተና መርጠው ስለሚቀበሉ፣ ውጤቱን ሁሉ ለትምህርት ቤቱ መስጠትም ትክክል አይሆንም።

የቤተሰብ ልዩነት ጎልቶ የታየኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። የተማሩ ወላጆች ያሏቸው ጓደኞቼ ማመልከቻ መቼ እንደሚከፈትና የድጋፍ ደብዳቤ ከማን እንደሚጠየቅ ከቤታቸው ያውቁ ነበር፤ እኔ ይህን የሰማሁት ከአማካሪ መምህሬ ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚቀበሉት በጥቅምትና በጥር መካከል በመሆኑ ፓስፖርቴን ክረምት ላይ አወጣሁ፤ ትምህርቴ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ የሚቀበሉ ፕሮግራሞችን ለይቼም የቋንቋ ፈተናውን ወጪ አስቀረሁ። ለመምህራኔ የመመረቂያ ጥናቴን አጭር ማጠቃለያ አስቀድሜ ስለሰጠኋቸው ስለ ሥራዬ በዝርዝር ጻፉልኝ። በማመልከቻ ደብዳቤዬ ስለ ድህነታችን ከመተረክ ይልቅ፣ የአካባቢያችንን ማሳ ስለጎዳው የአፈር አሲዳማነት፣ ገበሬው አሲዳማነቱን የሚቀንሰውን ኖራ ለማግኘት ስለሚገጥመው ችግርና ላጠናው ስለምፈልገው መፍትሔ ጻፍኩ፤ ያስመረጠኝም ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው፦ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል አንድ መምህር መድቦ፣ የማመልከቻ ጊዜዎችንና የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በመስከረም ያሳውቅ፤ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍም እንደ መደበኛ ሥራ ይቆጠርለት።