«ገቸቲ»ን ፍለጋ

ሳንስክሪት የሚባለውን የጥንት የሕንድ ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማታ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። መጀመሪያ ላይ ያንገላታኝ ቃል «ገቸቲ» ነው። «ይሄዳል» ማለት ነው። መዝገበ ቃላቱን «ገቸ» ብዬ ባገላብጥ ባገላብጥ የለም። ለካ ዘሩ «ገም» ኖሯል! «ና» የሚለውን ቃል ይዞ «መጣ» ጋ ለመድረስ የሚለፋ አማርኛ ተማሪ ያኔ አሳዘነኝ።

ከዚህ ጣጣ ያወጣኝ ፈረንሳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዤራር ሁዌ የሠራው የሳንስክሪት ሄሪቴጅ ፕሮግራም ነው። ቃሉን ስታስገቡለት ዘሩን፣ ጊዜውን፣ መደቡንና ቁጥሩን ይነግራችኋል። ቁጥር ስል ነጠላና ብዙ ብቻ አይደለም፤ ሳንስክሪት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ሌላ ርባታ አለው።

በጣም የወደድኩለት ግን እሱ መርጦ አለመስጠቱን ነው። ለ«ገቸቲ» አንዱ ፍቺ «ይሄዳል» ነው። ሌላው «በሚሄደው ላይ» የሚል ነው፤ ማሰሪያ አንቀጽ እንኳ አይደለም። መጀመሪያ ስህተት መስሎኝ ነበር። ከዚያ የራሴን ቋንቋ አሰብኩ። «ይበላል» ብዬ ብጽፍ በዪው ሰውየው ነው ወይስ የሚበላው እንጀራው? ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። የሚለየው አንባቢው ነው።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። የግእዝ ግስ ሲያስወርዱን ከ«ቀተለ» ተነስተን ሌሎቹ ግሶች የሚከተሏቸውን ስምንቱን አርእስተ ግስ እንወጣቸው ነበር። ሳንስክሪት ግሶቹን በ10 ይመድባቸዋል። የጥንቱ የሕንድ የሰዋስው ሊቅ ፓኒኒ የደነገጋቸው ወደ 4,000 የሚጠጉ የሰዋስው ሕጎችም እንደኛው ግስ በቃል እየተጠኑ ነው ከትውልድ ትውልድ የተሻገሩት። አያቴ ይህን ቢሰሙ ምንኛ ደስ ባላቸው!

ፕሮግራሙን ከመክፈቴ በፊት ግን ግምቴን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ቶሎ ከከፈትኩት አይገባኝም፤ በማግስቱ ይጠፋኛል። ባለፈው ሳምንት «ጀጋመ» ላይ ሦስት ማታ ቆየሁ። ቃሉ ሲታይ የኛን ኃላፊ ጊዜ ይመስላል፣ እንደ «ሰበረ»። ፍቺውም «ሄደ» ነው! ያው «ገም» ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ተደግሞ፣ ሲደገም ደግሞ «ገ» ወደ «ጀ» ተለውጦ።

የዛሬ ማታ ተራ የ«ቸካረ» ነው። ደብተሬ ላይ «ዘሩ ክር፣ ፍቺው አደረገ» ብያለሁ። ገና አላስገባሁትም።