መጀመሪያ ጨዉን

ሞዴሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስኬደው ስክሪኑ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። ሥራዬ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት አፍ ላይ አልጌ በሞቃት ወራት ምን ያህል እንደሚበዛ በኮምፒውተር ማስላት ነበር። ከውሃው ተቀድቶ የተለካው ክሎሮፊል (የአልጌውን ብዛት የሚያሳየው አረንጓዴ ቀለም) በሊትር 8 ማይክሮግራም ነው። የእኔ ሞዴል 60 አለኝ።

ጀማሪ የሚያደርገውን አደረግሁ። የአልጌውን የዕድገት ፍጥነት ቀነስኩ። ቁጥሩ ወረደ፤ ግን ሞቃቱ ወር ሲገጥም በቀዝቃዛው ወር አልጌው ጭራሽ ጠፋ። ከፍ አደረግሁት፣ መልሼ ዝቅ። እንዲህ ስል ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ጨዉስ ገጠመልህ?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። ጨው አያድግም፣ አይበላም፣ አይሞትም፤ ውሃው ወደሄደበት ይሄዳል፣ በቃ። ስለዚህ ጨዉ ካልገጠመ የተሳሳተው አልጌው ሳይሆን የውሃው አካሄድ ነው። ከፈትኩና አየሁ። ልኬቱ ላይ የላይኛው ውሃ ጨዋማነት በኪሎግራም ውሃ ወደ 8 ግራም፣ የታችኛው 20። የእኔ ሞዴል ከላይ እስከ ታች 14።

ለካ ጥልቀቱን በሙሉ እንደ አንድ ንብርብር ነበር የያዝኩት። የወንዝ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ተንሳፎ ወደ ባሕር ይወጣል፤ ከባዱ የባሕር ውሃ ደግሞ ከሥር ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ ሁለቱን በጥብጬ አንድ አድርጌያቸዋለሁ። አልጌ ራሱን እጥፍ ለማድረግ አንድ ሁለት ቀን ከፈለገና ውሃው ከዚያ በፊት ተጠርጎ ከወጣ፣ ወንዙ የሚያመጣው ማዳበሪያ የቱንም ያህል ቢበዛ አልጌው አይከማችም። በእኔ ሞዴል ግን የላይኛው ውሃ ሳይወጣ እዚያው ይከርም ነበር።

ወደ 10 ንብርብር ከፈልኩት። ስሌቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ሆነ፤ ክሎሮፊሉ ግን የዕድገቱን ቁጥር ሳልነካ ወደ 31 ወረደ። ያልጠበቅሁት ምርቃትም መጣ፤ ከሥር ያለው ኦክስጅን በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ታየ። የሞተው አልጌ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ የላይኛው ቀላል ውሃ ደግሞ እንደ ክዳን ሆኖ አዲስ አየር ይከለክላል። በአንድ ንብርብር ይሄ ሊታይ አይችልም።

ጨዉን ሳነጻጽርም አንድ ቂልነት ነበረብኝ። ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ ይሞላል፣ ይጎድላል። ናሙናው የተቀዳው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ከሞዴሉ የቀን አማካይ ጋር አስተያየዋለሁ። የተቀዳበትን ሰዓት ስይዝ ግማሹ ልዩነት ተነነ።

ቀጥሎ ብርሃን። የብርሃን መመናመኛውን ቁጥር፣ ማለትም ብርሃን በየሜትሩ ምን ያህል እንደሚደክም የሚናገረውን፣ ከእኛ ይልቅ ከጠራ ባሕር ምሳሌ ላይ ገልብጬ 0.5 ብዬ ነበር። በዚህ ቁጥር ከላይ ከገባው ብርሃን 1 በመቶው እስከ 9 ሜትር ይደርሳል። የእኛ ውሃ ግን ድፍርስ ነው። የውሃ ጥራት የሚለካበት ነጩ የሴኪ ሳህን ሲወርድ ግማሽ ሜትር ላይ ይሰወራል። በተለመደው ግምት የመመናመኛው ቁጥር 1.7 ሳህኑ ለተሰወረበት ጥልቀት ሲካፈል ነው፤ 1.7ን ለ0.5 ሜትር ማካፈል 3.4 ይሰጣል፤ ያ ማለት 1 በመቶው ብርሃን 1.4 ሜትር ሳይሞላ ያበቃል። አልጌው በ6 ሜትር ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች እየተላጋ አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ክሎሮፊሉ 14 ደረሰ።

የመጨረሻው ስህተት ግን አሳፈረኝ። ውሃው በሚጠራበት፣ ወደ ባሕሩ ጫፍ፣ አልጌው አሁንም ይበዛል። አልጌው የሚመገበውን ማዳበሪያ፣ ናይትሬቱን፣ ሳየው የትም ቦታ ከልኬቱ በ4.4 እጥፍ ይበልጣል። በ4 አይደለም፣ በ5 አይደለም፤ ሁልጊዜ በ4.4። ከወንዙ የሚገባው ማዳበሪያ የተመዘገበበት ፋይል የሚቆጥረው የሙሉውን ናይትሬት ክብደት ነው፤ ሞዴሉ የሚጠብቀው ደግሞ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ። የናይትሬት ሞለኪውል ክብደት 62፣ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን 14፤ 62 ለ14 ሲካፈል ቁጭ፣ 4.4! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው። የፋይሉን ራስጌ ባነብ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

አሁን ሞዴሉ ክሎሮፊሉን 10 ይላል፤ የዕድገት ፍጥነቱ መጀመሪያ ከጽሑፍ ያገኘሁት ቁጥር ላይ ተመልሶ ተቀምጧል። ሙቀቱ መቀነስ ሲጀምር ግን አሁንም አልጌ ያበዛል። የታችኛው ወለል ላይ ውሃ እያጣሩ የሚበሉት ዛጎል ለባሾች ሞዴሉ ውስጥ የሉም፤ እነሱን ጠርጥሬያለሁ። የዕድገቱን ቁጥር ልነካ እጄ ሲሄድ እመልሰዋለሁ።